የእምነት እናቶቻችንን ማሰብ ምን ማለት ነው?

መነሻ ክፍል፦ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥3-7

ያመኑ እናት ወደ ጌታ ሲሄዱ በየሰፈራችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ድንኳን ይተከላል፤ የእድሩ ወንበር ይመጣል፤ ፎቶግራፋቸው በትልቁ ታትሞ ይሰቀላል፤ መዘምራን ይዘምራሉ። ከዚያም ከልጆቻቸው አንዱ ወይም አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሕይወት ታሪካቸውን ያነብባል። በዚህ ዓመት ተወለዱ፣ በዚህ ዓመት ትዳር መሠረቱ፣ ይህን ያህል ልጆችና የልጅ ልጆች አዩ፣ ጌታን እንደ ግል አዳኛቸው ተቀበሉ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በዚህ ቀን ወደ ጌታቸው ተሰበሰቡ። ንባቡ ብዙ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ድንኳኑ ይነሣል፤ ወንበሩ ይመለሳል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እኛ ወንጌላውያን አማኞች ተዝካር አናወጣም፤ ለሞተ ሰው ነፍስም አንጸልይም። ሰው የሚድነው በክርስቶስ ሥራ እንጂ ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ በሚያደርግለት ነገር እንዳልሆነ እናምናለን። ይህን አምነን መቆማችን ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ሳናስተውል የጣልን ይመስለኛል። ማሰባችን የሞተውን አይጠቅምም ካልን በኋላ፣ የቀረውን እንደሚጠቅም ረስተናል። ስለዚህ እናቶቻችንን ቀብረን ስንመለስ እምነታቸውንም አብረን ቀብረን የምንመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያመኑ እናትንና አያትን የሚያከብር መታሰቢያ፣ እርሳቸው የያዙትን እምነት እኛ ራሳችን ይዘን መገኘታችን ነው። አበባው፣ ባነሩና የሐውልቱ ጽሑፍ መልካም ነው፤ ይህ ከሌለ ግን ብዙም አይናገርም።

ጳውሎስ ሁለቱን ሴቶች ለምን አነሣ?

ሐዋርያው ጳውሎስ ሁለተኛውን የጢሞቴዎስ መልእክት የጻፈው በእስር ሆኖ ነው። የሚሄድበት ጊዜ እንደ ደረሰ ያውቃል (4፥6)። ብርድ ስላለ ካባውን እንዲያመጣለት ይለምናል (4፥13)። አንዳንዶች ትተውት ሄደዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚጽፈውን ይመርጣል። ጳውሎስም ገና ከሰላምታው እንደ ወጣ ሁለት ሴቶችን በስም ይጠራል፦ የጢሞቴዎስን አያት ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን።

ስለ እነርሱ የሚናገረው እጅግ አጭር ነው። ምን ያህል ሀብት እንደ ነበራቸው፣ ከየትኛው ወገን እንደ ተወለዱ አይነግረንም። የሚነግረን በሁለቱ ሴቶች ውስጥ ግብዝነት የሌለበት እምነት እንደ ነበረና ያው እምነት በጢሞቴዎስም እንዳለ እርግጠኛ መሆኑን ነው (1፥5)። ጳውሎስ ቁጥር 5 ላይ ቢያቆም ኖሮ ቃሉ የሚያጽናና ትዝታ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ቁጥር 6 ግን የሚጀምረው ከዚህ የተነሣ በማለት ነው። እናትህና አያትህ እንዲህ ያለ እምነት ስለ ነበራቸው፣ በአንተም ስላለ፣ በውስጥህ ያለውን የእግዚአብሔርን ስጦታ እንደ እሳት አነሣሣ ይለዋል። ቀጥሎም ስለ ፍርሃት ያነሣል፤ በጌታ ምስክርነት እንዳያፍር፣ ለወንጌልም መከራን እንዲቀበል ይጠይቀዋል (1፥7-8)።

አያችሁ? ጳውሎስ የሴቶቹን ስም ያነሣው ጢሞቴዎስን ለማስለቀስ አልነበረም። ጢሞቴዎስ አስቀድሞም እያለቀሰ ነበር፤ ጳውሎስ እንባውን እንደሚያስታውስ ጽፏል (1፥4)። ስማቸውን ያነሣው ፈራ ተባ የሚል አንድ ወጣት አገልጋይ ተነሥቶ እንዲቆም ነው። የአያቱ መታሰቢያ በልጅ ልጁ ላይ ሥራ ነበረበት።

ቤታቸው የተሟላ አልነበረም

አንዳንዶቻችን ስለ ሎይድና ስለ ኤውንቄ ስንሰብክ ጸጥታ የሰፈነበት፣ ሁሉ ያመነበት ቤት እናስባለን። የሐዋርያት ሥራ የሚያሳየን ሌላ ነው። ጢሞቴዎስ የኖረው በልስጥራ አካባቢ ነው። ልስጥራ ጳውሎስ በድንጋይ ተወግሮ፣ ሞቷል ተብሎ ከከተማ ውጭ የተጎተተባት ከተማ ናት (14፥19)። የጢሞቴዎስ እናት ያመነች አይሁዳዊት ስትሆን አባቱ የግሪክ ሰው ነበር (16፥1)። ጢሞቴዎስ እስኪያድግ ድረስ አልተገረዘም ነበር (16፥3)። ለአንዲት አይሁዳዊት እናት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በቤቱ ውስጥ ሁሉ ነገር እንደ እምነቷ እንዳልሄደ ያመለክታል። ስለ አባቱ እምነት መጽሐፉ ምንም አይናገርም።

ይሁን እንጂ በዚያ ቤት አንድ ነገር አልተቋረጠም። ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያውቅ ነበር (2ኛ ጢሞ. 3፥15)። በዚያ ዘመን እንደ ዛሬ በየቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ በመደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ሕፃን ልጅ ቃሉን ያወቀው አንድ ሰው ደጋግሞ ስለ ነገረው ነው። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ለመገመት አያስቸግርም።

ይህ ነገር ለብዙ የአገራችን እናቶች እንግዳ አይደለም። ባላቸው ያላመነ፣ ዘመድ የራቃቸው፣ ሰፈሩ «ጴንጤ» እያለ ያላገጠባቸው፣ በአንዳንድ ቦታም ከእድር የተባረሩና ለቀብር ቦታ የተከለከሉ እናቶች ነበሩ። ልጆቻቸውን በፍጹም ቤት ውስጥ አላሳደጉም። በተገኘው ቤት ውስጥ እግዚአብሔርን ፈርተው አሳደጉ እንጂ።

የእኛዎቹ ሎይድና ኤውንቄ

በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ሕንፃዎቻቸው ተወሰዱ፤ መሪዎቻቸው ታሰሩ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ በግልጽ ማምለክ ሲቻል ግን ቁጥራቸው ከ30,000 በልጦ ተገኘ። በእነዚያ ዓመታት መድረክም ድምፅ ማጉያም አልነበረም። የነበረው ሳሎንና ጓዳ ነው። ጥቂት ሰዎች በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዝማሬው በዝግታ ነው፤ ቃሉ ይነበባል፤ ጸሎት ይደረጋል፤ ሰዎቹ እንደ አመጣጣቸው አንድ በአንድ ይወጣሉ።

ቤቷን ለዚህ የከፈተችው ማን ናት? ቡናውን ያፈላችው፣ ማን መጣ ማን ቀረ ብላ የጠየቀችው፣ ለታሰረው ወንድም ስንቅ የቋጠረችው፣ ብዙ ጊዜም ቃሉን ያካፈለችው እናት ነበረች። ሴቶች ቡና ቢጠራሩ ማን ይጠረጥራል? በዚያ ዘመን የቤት ለቤት ኅብረቱ እንዲቀጥል ሴቶች የከፈሉት ድርሻ ታላቅ ነው። የብዙዎቹ ስም ግን በየትኛውም የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም።

ስማቸው ከተጻፈላቸው አንዷ ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳ ናቸው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት የቄስ ጉዲና ቱምሳ ባለቤት ናቸው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ባልና ሚስት አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። እርሳቸው በዚያው ሌሊት ተለቀቁ፤ ባለቤታቸው ግን ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ወ/ሮ ፀሐይ በ1972 ዓ.ም. እንደገና ተይዘው ተሠቃዩ፤ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ጊዜም በእስር አሳለፉ። የልጆች እናት ነበሩ፤ በእነዚያ ዓመታት ልጆቹ አባትም እናትም በአጠገባቸው አልነበሩም። እኒህ እናት ከእስር ሲወጡ እምነታቸውን ይዘው ወጡ።

እንዲህ ያሉ እናቶችን ስናስብ «እንዴት ያለ ጽናት ነበር!» ብለን ማድነቅ አይበቃም። ጳውሎስ ቢኖር ቀጥሎ «ከዚህ የተነሣ» ይለን ነበር። እነርሱ በእስር ያልጣሉትን እኛ በምቾት እንዳንጥለው መጠየቁ አይቀርም።

ጣቢታ የሰፋቻቸው ልብሶች

በኢዮጴ ጣቢታ የምትባል ደቀ መዝሙር ነበረች። በሞተች ጊዜ ጴጥሮስ ተጠርቶ መጣ። ወደ ሰገነቱ ሲወጣ መበለቶች ከበው እያለቀሱ ቆመው ነበር። ስለ ጣቢታ የሕይወት ታሪክ አላነበቡለትም። ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች አሳዩት (ሐዋ. 9፥39)። እንዲህ ያለ መታሰቢያ ደስ ይላል። ጣቢታ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረች በእጅ የሚዳሰስ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን በጥንት ጊዜ የአንዲትን አረጋዊት መበለት ሕይወት በምን ትመዝን እንደ ነበርም ተጽፎልናል። ልጆችን አሳድጋለች? እንግዶችን ተቀብላለች? የቅዱሳንን እግር አጥባለች? የተጨነቁትን ረድታለች? (1ኛ ጢሞ. 5፥10)። በእኔ አስተያየት በለቅሶ ላይ የምናነበው የሕይወት ታሪክ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ይህን ቢመስል ይሻላል። በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ ከሚለው ይልቅ በስንት ሰው ደጅ ላይ እንጀራ ይዘው ቆሙ የሚለው ለልጅ ልጅ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጳውሎስ የሁለቱን ሴቶች እምነት ግብዝነት የሌለበት ብሎ ጠራው። እንግዲያው የምንጽፍላቸው ታሪክም ግብዝነት አይኑርበት። እናቶቻችን ተቆጥተዋል፤ ተጨንቀዋል፤ ከጎረቤት ተጋጭተዋል፤ እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ ብለው ሌሊት ያለቀሱበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ሰርዘን እንከን የሌለባቸው አድርገን ስናቀርባቸው ያከበርናቸው ይመስለናል፤ የልጅ ልጆቹን ግን እንጎዳቸዋለን። ወጣቱ «አያቴ የተለዩ ሰው ነበሩ፤ እኔ እንደ እርሳቸው መሆን አልችልም» ብሎ ይተወዋል። አያቱ እንደ እርሱ ፈርተው፣ እንደ እርሱ ደክመው፣ ነገር ግን ወደ ጌታ እየተመለሱ መኖራቸውን ቢያውቅ ግን እርሱም ለመመለስ ድፍረት ያገኛል። የሚመሰገነው የእናታችን ብርታት ብቻ ሳይሆን የደገፋቸው ጌታ ነው።

እምነት በደም አይተላለፍም

ይህን ጽሑፍ ከምታነብቡት መካከል «እናቴ ጸሎተኛ ናት»፣ «አያቴ ስለ እኔ ይጸልዩልኛል» የምትሉ፣ ራሳችሁ ግን ከጌታ ጋር የት እንዳላችሁ እርግጠኛ ያልሆናችሁ ትኖራላችሁ። በአክብሮት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእናት ጸሎት ታላቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን የእናት እምነት የእናንተ እምነት አይሆንም። የእግዚአብሔር ልጆች የሚሆኑት ኢየሱስን የተቀበሉ፣ በስሙም ያመኑ ናቸው፤ ይህ ልደት ከደም ወይም ከሰው ፈቃድ አይደለም (ዮሐ. 1፥12-13)። ጳውሎስም በጢሞቴዎስ ውስጥ ያለውን እምነት ከእናቱ እምነት ለይቶ ጠርቶታል። በሎይድ ነበረ፤ በኤውንቄ ነበረ፤ በአንተም አለ። ሦስቱም ለየራሳቸው ያመኑ ናቸው።

የመሳፍንት መጽሐፍ የሚያሳዝን ታሪክ ይነግረናል። ኢያሱና ከእርሱ ጋር የነበሩት ሽማግሌዎች በነበሩበት ዘመን ሕዝቡ እግዚአብሔርን አመለከ። ያ ትውልድ ካለፈ በኋላ ግን እግዚአብሔርንና ለእስራኤል ያደረገውን የማያውቅ ሌላ ትውልድ ተነሣ (መሳ. 2፥10)። በመካከላቸው ያለው የአንድ ትውልድ ዕድሜ ብቻ ነው። ኢያሱ ከዮርዳኖስ አሥራ ሁለት ድንጋዮች አስነሥቶ በጌልገላ አቁሞ ነበር፤ ድንጋዮቹ የቆሙት ልጆች እንዲጠይቁና አባቶች እንዲመልሱ ነው (ኢያ. 4፥20-24)። ድንጋዩ ቆሞ ጠያቂና መላሽ ከጠፋ መታሰቢያው ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለው የእናታችን ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ እናታችሁ ወይም አያታችሁ የጠሩትን ጌታ እናንተም ራሳችሁ ጥሩት። እርሱ ለእነርሱ ብቻ የሞተ አዳኝ አይደለም።

ከአሁኑ ምን እናድርግ?

መታሰቢያ ከቀብር በኋላ ብቻ የሚጀምር አይደለም። ጳውሎስ ልጆችና የልጅ ልጆች አስቀድመው ለገዛ ቤተሰባቸው እግዚአብሔርን መምሰል እንዲያሳዩና ለወላጆቻቸው ብድራት እንዲከፍሉ አዝዟል (1ኛ ጢሞ. 5፥4)። የልጅ ልጆችም በዚህ ትእዛዝ ውስጥ መካተታቸውን ልብ በሉ። ስለዚህ እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ልናደርግ የምንችለውን ጥቂት ነገር ልጠቁም።

አንደኛ፣ ጠይቋቸው። ጌታን እንዴት እንዳገኙ፣ በዚያ በክፉ ዘመን ምን እንዳጸናቸው፣ መልስ ሳያገኙ ብዙ ዓመት የጸለዩበት ነገር ምን እንደ ሆነ ጠይቋቸው። ስልካችሁን አብሩና ድምፃቸውን ቅረጹ። የሚያወሩት ቢደጋገም አትቸኩሉ። ማንበብና መጻፍ የማያውቁ እናቶች አሉ፤ ታሪካቸው ያለው በአፋቸው ላይ ነው፤ እነርሱ ሲሄዱ አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ጸሎታቸውን ተረከቡ። ብዙ እናቶች በየማለዳው በስም የሚያነሷቸው ሰዎች አሏቸው። እነዚያን ስሞች ጠይቃችሁ ጻፉ። እርሳቸው ሲያልፉ ያንን ጸሎት የሚቀጥል ሰው በቤቱ ውስጥ ይኑር። ለእኔ ከሐውልት የሚበልጠው መታሰቢያ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ በቋንቋ ምክንያት የተቆረጠውን ቀጥሉ። በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታ ወይም በአውሮፓ ከተሞች ለምትኖሩ ይህ በተለይ ይመለከታችኋል። አያት ልጅ ለመያዝ ይመጣሉ፤ ሕፃኑን አዝለው በአማርኛ ይጸልያሉ፤ ሕፃኑ አድጎ ሲናገር ግን ቋንቋው ሌላ ይሆናል። በመካከል ያላችሁት ወላጆች ድልድዩ እናንተ ናችሁ። አያቱ ምን ብለው እንደ ጸለዩለት ለልጁ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት።

አራተኛ፣ የደከሙትን አግዙ። እናት ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሄዳ አያት የልጅ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉበት ቤት በየአጥቢያችን አለ። እኒህ እናት በዕድሜያቸው ማረፊያ ላይ እንደገና ልጅ አሳዳጊ ሆነዋል። በእሑድ ሰላምታ ብቻ አንለፋቸው። የትምህርት ቤት ደብተርና የዘይት ዋጋ ቤተ ክርስቲያንንም ይመለከታታል።

አምስተኛ፣ አገልጋዮችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ አረጋውያን እናቶችን ስፍራ ስጧቸው። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ቆነጃጅትን እንዲያስተምሩ ቃሉ ያዛል (ቲቶ 2፥3-5)። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ስማቸውን በመድረክ የምንጠራው ሲሞቱ ነው። የምስክርነት ጊዜ ሲኖር አንድ ወር ሳያልፍ አንዲት እናት ይመስክሩ። ወጣቶቻችን ከኮንፈረንስ የማያገኙት ትምህርት አለ።

ስለ ልጆቻችሁ ለምታለቅሱ እናቶች

በመጨረሻ፣ ይህን አንብባችሁ ልባችሁ የተሰበረ እናቶች ትኖራላችሁ። አስተማራችሁ፤ ጸለያችሁ፤ ጾማችሁ፤ ልጃችሁ ግን ከጌታ ርቋል። ሎይድና ኤውንቄ ሲነሡ «የእኔ ጥፋት ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። እባካችሁ ይህን ሸክም ብቻችሁን አትሸከሙ። ጢሞቴዎስ ያመነው እናቱ ፍጹም ስለ ነበረች አይደለም፤ እግዚአብሔር ስለ ማረው ነው። የእናንተ ድርሻ ዘሩን መዝራት ነው፤ የሚያሳድገው እግዚአብሔር ነው (1ኛ ቆሮ. 3፥6-7)። በጸሎት ያነሳችሁትን ስም እርሱ አይረሳም።

ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ እናታችን በሕይወት ካሉ ዛሬ እንደውልላቸው። ወደ ጌታ ሄደው ከሆነም መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከመሳቢያ አውጥተን፣ ያሰመሩበትን ቃል አንብበን፣ እነርሱ ካቆሙበት እንቀጥል።

በአያቶቻችንና በእናቶቻችን ያደረው እምነት በእኛና በልጆቻችን ይገኝ ዘንድ ጌታ ይርዳን። ጸጋ ይብዛላችሁ። አሜን።